ሚዛን የማያየው ረሃብ

ሁለት ዘመዳሞች ከብዙ ጊዜ በኋላ ተገናኝተው አንደኛዋ «ወፈር ብለሻል፣ ተመችቶሻል መሰለኝ» ብትል ሌላዋ እንደ ምርቃት ትቀበለዋለች። «ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» ከተባለ ግን ነገሩ ወደ ጭንቀት ይዞራል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ በዓይኑ ያየ፣ ያላየም ከወላጆቹ የሰማ ሕዝብ ሥጋ መያዝን ከጥጋብና ከጤና ጋር ቢያገናኝ አይፈረድበትም። ከዚህ ልማድ ጋር አብሮ የኖረ አንድ እምነት ግን ዛሬ ብዙ ሰው እየጎዳ ነው፤ የወፈረ ሰው ምግብ ሊጎድለው አይችልም የሚለው እምነት። ሰማንያ ወይም ዘጠና ኪሎ የምትመዝን ሴት ደሟ ብረት ያጣ፣ አጥንቷ ቫይታሚን ዲ የራቀው፣ ጡንቻዋም የሳሳ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም እንግዳ ነገር አይደለም። ውፍረትና የንጥረ ምግብ ጉድለት ብዙ ጊዜ ከአንድ ማዕድ የሚነሡ፣ አንዱ ሌላውን የሚያባብስ ጉዳቶች ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ክብደት የሚነግረንንና የማይነግረንን መለየት ያስፈልጋል። ሰውነታችን ከምግብ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ለመንቀሳቀስ፣ ለመተንፈስና ሙቀትን ለመጠበቅ የሚውለው ጉልበት ነው፤ የሚለካውም በካሎሪ ነው። ሌላው ሰውነትን የሚገነባውና ሥራውን የሚያስተካክለው ነው፤ ፕሮቲን፣ ብረት፣ ዚንክ፣ አዮዲን፣ ፎሌትና ልዩ ልዩ ቫይታሚኖች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከዕለት ፍጆታ የተረፈው ጉልበት በስብ መልክ ይጠራቀማል፤ ክብደት የሚጨምረውም በዚህ ነው። ስለዚህ ስብ የተረፈ ካሎሪ ምስክር ነው፤ ስለ ብረቱም ሆነ ስለ ፎሌቱ የሚናገረው የለም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የክብደትና የቁመት ንጽጽርም፣ ማለትም በኪሎ የተለካውን ክብደት በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ ማካፈል፣ ከዚህ ገደብ አያልፍም። ሐሳቡን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያመነጨው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጅየማዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሲሆን፣ ዓላማውም የሕዝብን አማካይ ገጽታ ማጥናት እንጂ የአንድን በሽተኛ ጤና መመርመር አልነበረም። ዛሬ ውጤቱ ከ25 በላይ የሆነ ሰው ክብደቱ ከልክ አልፏል፣ ከ30 በላይ የሆነ ደግሞ ከፍተኛ ውፍረት አለበት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን የሚሆኑ አዋቂዎች ክብደታቸው ከልክ ያለፈ እንደነበር፣ ከእነዚህም 890 ሚሊዮኑ በከፍተኛ ውፍረት ውስጥ እንደሚገኙ ገምቷል። በዚያው ዓመት በታላቁ ላንሴት የሕክምና መጽሔት ቤተሰብ ውስጥ የወጣ ሌላ ግምት ደግሞ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ የዓለም ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ከዋና ዋናዎቹ ጥቃቅን ንጥረ ምግቦች ቢያንስ አንዱ እንደጎደላቸው አመለከተ። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል ግዙፍ ከሆኑ ሁለቱንም የተሸከሙ ብዙ ሰዎች ሊኖሩ ግድ ነው። ድርጅቱ ራሱም ውፍረትን፣ መቀጨጭን፣ መቀንጨርንና የቫይታሚን ጉድለትን የሚመድባቸው በአንድ ርዕስ ሥር፣ በሥርዓተ ምግብ መዛባት ነው።

አንድ የከተማ ቁርስ ቀረብ ብለን እንመልከት። ሥራ ለመግባት የምትጣደፍ ሴት መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ሁለት ቦምቦሊኖ በሻይ ትበላለች፤ ሻዩ ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨመራል። ስኳሩ ብቻ 50 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ብረት የለውም፣ ዚንክም ቫይታሚንም የለውም። ቦምቦሊኖው የመጠጠው ዘይት በአንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ ብረት ግን እሱም የለውም። የቀረው ነጭ ዱቄት ነው። ስንዴ በፋብሪካ ተፈጭቶ ፉርሽካውና የፍሬው ፅንስ ሲወጣለት ከብረቱ ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚንኩ ደግሞ ሦስት አራተኛ ገደማ አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው በአመዛኙ ስታርች ነው። በላዩ የተጠጣው ሻይ ደግሞ በውስጡ ያለው ታኒን ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ስለሚይዘው ያችው የተረፈችው ብረት እንኳ በአግባቡ ወደ ደም አትገባም። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በኋላ የሚጠጣ ሻይ ወይም ቡና የብረትን መመጠጥ በግማሽ አካባቢ ሊቀንሰው እንደሚችል በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህች ሴት ጠግባ ወጥታለች፤ ካሎሪም አግኝታለች። በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 18 ሚሊ ግራም ብረት ግን ገና አልተነካም። ምሳዋ በዘይት የተቁላላ ፓስታ፣ መክሰሷ ብስኩትና ለስላሳ ከሆነ ቀኑ እንዲሁ ይመሻል። በዓመቱ መጨረሻ ሚዛኑ ሦስት ወይም አራት ኪሎ ጨምሮ፣ ደሟም ቀንሶ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ብዙ የሚበላ ሰው ከምግቡ ጋር ብዙ ንጥረ ነገርም ያገኝ የለምን? እንጀራና ሽሮ አብዝቶ የሚበላ ከሆነ አዎ፣ ያገኛል። ጉዳዩ የመጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ እዚህ ላይ ባበቃ። ነገር ግን ተመራማሪዎች ያገኙት ከዚህ የበለጠ አሳሳቢ ነው፤ ውፍረቱ ራሱ ሰውነት ብረትን እንዳይቀበል ያደርገዋል። ፍንጩ ከታየ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1962 በላንሴት የወጣ ጥናት ወፍራም ወጣቶች በደማቸው ውስጥ ያለው ብረት ከእኩዮቻቸው ያነሰ መሆኑን ዘግቦ ነበር። ምክንያቱ የተገለጠው ግን ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ፣ ሄፕሲዲን የተባለው ሆርሞን ሲገኝ ነው። ሄፕሲዲን በጉበት የሚመረት የብረት በረኛ ነው። በሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ሲኖር መጠኑ ይጨምርና ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይዘጋዋል፤ ባክቴሪያዎች ለመራባት ብረት ስለሚፈልጉ ሰውነት ይህን የሚያደርገው እነሱን ለማስራብ ነው። ለጥቂት ቀናት ሲሆን ጥበብ ያለበት መከላከያ ነው። ችግሩ በሆድ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አለመሆኑ ነው። ያለማቋረጥ የብግነት መልእክቶችን ወደ ደም ይለቃል፤ ጉበትም በሽታ እንደገባ ቆጥሮ በሩን ለወራትና ለዓመታት ይዘጋል። እናም ወፍራሟ ሴት ከቀጭኗ ጎረቤቷ ጋር አንድ ዓይነት ምስርና ጎመን ብትበላ እንኳ እኩል ብረት ላታገኝ ትችላለች።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ምርመራው ራሱ ሊያሳስት መቻሉ ነው። የሰውነትን የብረት ክምችት ለማወቅ የሚለካው ፌሪቲን የተባለው ፕሮቲን ብግነት ባለበት ሰውነት ውስጥ ክምችቱ ሳይጨምር ከፍ ይላል። ስለዚህ ድካም፣ የልብ ምት መፍጠንና ራስ ማዞር ያለባት ወፍራም ሴት ላቦራቶሪ ሄዳ «ብረትሽ በቂ ነው» ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ድካሟም ለክብደቷ ይሰጣል። ቀጠን ያለች ሴት በዚሁ ስሜት ብትመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደም ማነስ ነው። እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ ሰው በመልኩ ምክንያት ተገቢውን ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር።

በቫይታሚን ዲ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ቫይታሚን በስብ የሚሟሟ በመሆኑ በሰፊው የስብ ክምችት ውስጥ ይሰራጭና በደም ውስጥ የሚቀረው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ ወፍራምና ቀጭን ሰዎች እኩል የአልትራቫዮሌት ብርሃን ተሰጥቷቸው የወፍራሞቹ የደም ቫይታሚን ጭማሪ ከቀጭኖቹ ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ግን የእያንዳንዱ ወፍራም ሰው አጥንት ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ክብደት መሸከም ራሱ አጥንትን ስለሚያጠነክር በደም ላይ የታየው ዝቅተኛ ቁጥር ሁልጊዜ ጉዳት ላያመለክት ይችላል። ተቃዋሚዎች «ብዙው የላቦራቶሪ ቁጥር ብቻ ነው» ሲሉ በዚህ በኩል ከፊል እውነት አላቸው። ቁጥሩ ወደ እውነተኛ ጉዳት የሚለወጠው ሌሎች ምክንያቶች ሲደራረቡ ነው። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ሲመጡ አብዛኞቹ ቀጫጭን ነበሩ፤ በመካከላቸው የስኳር በሽታ ከስንት አንድ የሚገኝ ነገር ነበር። ከዓመታት በኋላ ክብደት ጨመረ፤ የስኳር በሽታም ከሌላው ሕዝብ ጋር የሚቀራረብ ደረጃ ደረሰ፣ በዚያውም ላይ ብዙ ባልወፈሩ ሰዎች ላይ ሳይቀር ታየ። በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች በተለይ በነፍሰ ጡርና በሚያጠቡ እናቶች ላይ ከፍተኛ የቫይታሚን ዲ ጉድለት አገኙ። ጥቁር ቆዳ፣ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ፣ ከእርሻ ወደ ፎቅ ቤት የተዛወረ ኑሮ፣ የተለወጠ ማዕድ ተደራርበው ትርፍንና ጉድለትን በአንድ ትውልድ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጡ።

ይህ የስደተኞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ወደ ግብፅ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2014 በተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አግብተው ከሚያውቁና ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ግብፃውያት ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ነበር። በዚያው ጥናት ከአራቱ ሴቶች አንዷ ደም ማነስ ነበረባት፤ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ቁመቱ ለዕድሜው የቀነጨረ ነበር። የወፈረች እናትና የቀነጨረ ልጅ በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ ይገኛሉ ማለት ነው። በብዛት ረገድ ረሃብ የሚባል ነገር እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። የነበረው ምንድን ነው? ዳቦ ነበረ። የግብፅ መንግሥት «ባላዲ» የሚባለውን ክብ ዳቦ ከሠላሳ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በ5 ፒያስተር እንዲሸጥ ድጎማ አድርጓል፤ ዋጋው ወደ 20 ፒያስተር ከፍ ያለው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ፕሬዚዳንት ሳዳት እ.ኤ.አ. በጥር 1977 የምግብ ድጎማ ሊያነሡ ሲሞክሩ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ውሳኔው በቀናት ውስጥ ተሽሯል። ከዳቦው ጋር በራሽን ካርድ ስኳርና ዘይት በርካሽ ይገኛል። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል ግን በገበያ ዋጋ ነው። የቤተሰቡ ገቢ በቀነሰ ቁጥር የትኛው ከገበታው እንደሚጎድል ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወፍ ጉንፋን ግብፅ ሲገባ ብዙ ቤተሰብ በጣሪያ ላይና በጓሮ የሚያረባቸው ዶሮዎች ተወገዱ፤ በተከታዮቹ ዓመታት የሕፃናት መቀንጨር መጨመሩን ተመራማሪዎች ከዚህ ጋር አያይዘውታል። ዳቦው በዚያን ጊዜም እንደወትሮው ርካሽ ነበር፤ የጠፋው እንቁላልና የዶሮ ሥጋ ነው።

የግብፅን ምሳሌ ያነሣሁት ሩቅ ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደ አገር ከመቶ ሴቶች ስምንቱ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ መሆኑን፣ 22ቱ ደግሞ ከመጠን በላይ ቀጭን መሆናቸውን አሳይቷል። ከተማውን ለይተን ካየን ግን ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል ክብደቷ ከልክ አልፏል። በአገር ደረጃ ከአራት ሴቶች አንዷ ገደማ ደም ማነስ ነበረባት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ላይ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ደግሞ ከመቶ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ከ97 በላይ የሚሆኑት የሚመከረውን የቀን የአትክልትና የፍራፍሬ መጠን እንደማይበሉ ታውቋል። ይህ ቁጥር ሀብታምና ድሃ፣ ወፍራምና ቀጭን አይለይም። ገጠሬውና ከተሜው የሚለያዩት ባጡት ሳይሆን በተረፋቸው ነው፤ ቅጠላ ቅጠሉና ፍራፍሬው ለሁለቱም የለም፣ ከተሜው ግን ስኳርና ዘይት ተጨምሮለታል። የምግብ ዋጋን የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እንዳገኙት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 በኢትዮጵያ ገበያ የሥጋ፣ የእንቁላል፣ የወተትና የአትክልት ዋጋ ከሌላው ግሽበት ፈጥኖ ሲወጣ የዘይትና የስኳር ዋጋ በአንጻሩ ቀንሷል። እኛም እንደ ግብፅ በሸማቾች ማኅበር በኩል በድጎማ ስናድል የኖርነው ስኳርና የፓልም ዘይት ነው። ሰልፍ ተሰልፎ ለተገኘው ዘይት ያመሰገነ ቤተሰብ ጥፋተኛ አይደለም። ጥያቄው የሕዝብ ገንዘብ ለምን እንደዋለ ነው።

«ልጆች እየቀነጨሩና እየቀጨጩ ባሉበት አገር ስለ ወፍራሞች መጨነቅ ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል፤ የሚለውም ከክፋት አይደለም። በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋርና በሶማሌ የዕለት እርዳታ የሚጠብቅ ሕዝብ ባለበት ጊዜ ቅድሚያ ለማን እንደሆነ አያከራክርም። ነገር ግን ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ማየት ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ የተራበው ሕፃን ነገ ለውፍረትና ከእሱ ጋር ለሚመጡ በሽታዎች ይበልጥ የተጋለጠ አዋቂ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ክረምት፣ ጀርመኖች ምግብ እንዳይገባ በመከልከላቸው ሆላንድ ውስጥ ረሃብ ሲገባ በማኅፀን የነበሩ ልጆች ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸው ለውትድርና ሲመረመሩ፣ ረሃቡ በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የደረሰባቸው ወንዶች ከሌሎቹ ይልቅ ወፍረው ተገኙ። ሰውነት ገና ሳይወለድ ችጋርን ስላየ ያገኘውን ሁሉ ማጠራቀምን ተምሮ ይወጣል። በእኛም አገር በ1977ቱ ረሃብ እምብርት በነበረው በራያ ቆቦ የተደረጉ ጥናቶች በማኅፀንና በጨቅላነት ያን ዘመን ያሳለፉ ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የደም ስብ መዛባት ከሌሎች ይልቅ ተደራርቦ እንደሚታይባቸው አመልክተዋል። እነዚህ ሰዎች ዛሬ አርባዎቹን እያለፉ ነው። ብዙዎቹ ወደ ከተማ ገብተዋል፤ ነጭ ዳቦና ዘይት የሚጠብቃቸው እዚያ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ «ወፍራም ሰው ሆዳም ነው፣ ራሱን ይግዛ፤ የንጥረ ምግብ ጉድለት እያሉ ሰበብ መፍጠር አያስፈልግም» የሚል። ራስን መግዛት ዋጋ የለውም የሚል የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተደረገ ሙከራ ፈቃድ ብቻውን የት ድረስ እንደሚሄድ አሳይቷል። ሃያ ሰዎች በተቋሙ ውስጥ ተቀምጠው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዛት የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ፕሮቲንና አሰር በሁለቱም እኩል ነበር፤ የሚበሉት መጠን ግን ለፈቃዳቸው ተተወ። የፋብሪካውን ምግብ ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ያልተነካካውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ሆዳምነታቸውም ሆነ ትዕግሥታቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ አልተለወጠም።

ይህ ሁሉ ጤና ጣቢያ ውስጥ ምን ይለውጣል? ነፍሰ ጡር እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ባለሙያዋ የክንዷን ዙሪያ በሜትር ትለካለች፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተጨማሪ ምግብ እንድታገኝ ትመዘገባለች። ይህ ሜትር ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ለቀጫጭኖች የተሠራ መሣሪያ ነውና ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ክንዷ 32 ሴንቲ ሜትር የሆነችው እናት ግን በዚያ ሜትር ፊት ምንም አይጎድላትም። እሷን የሚያድናት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ትናንት ምን በላሽ? ከእህልና ከዘይት ሌላ ቅጠል፣ ጥራጥሬ፣ እንቁላል ወይም ወተት ነበረበት? ደሟስ ተለክቷል? በሆስፒታል ለተኛ በሽተኛም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፍ የክሊኒካል ሥርዓተ ምግብ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ባወጡት መስፈርት አንድ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሳያስበው ከክብደቱ ከመቶ አምስት በላይ ካጣ፣ በዚያም ላይ የሚበላው ምግብ ከቀነሰ ወይም ሕመም ካለበት፣ ወፍራም ቢሆንም እንኳ በምግብ ጉድለት ውስጥ ነው። መቶ ኪሎ የነበረ የካንሰር በሽተኛ ዘጠና ሲገባ ጎብኚዎቹ «ደግ ሆነ፣ ቀነስህ» ይሉታል። የቀነሰው ግን በአመዛኙ ከአልጋ የሚያነሣውና የሚያስተነፍሰው ጡንቻ ሊሆን ይችላል።

ለስኳር ሕሙማን የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 በአንጀት እንዳይመጠጥ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ቫይታሚን ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው፤ በጾም ወቅት እነዚህ ከገበታ ይወጣሉ። ጾም ራሱ በደለኛ አይደለም፤ ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ስለሚያስቀምጥ በፍስክ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሚያገኝ ሰው የጾሙን ወራት ያለ ችግር ያልፋል፤ ምስሩና ጎመኑም ያማረ ምግብ ነው። ችግሩ ኑሮው ስለተወደደ በፋሲካ እንኳ እንቁላል የሚቆጥር፣ ከ180 የሚበልጡ የዓመቱን ቀናት የሚጾም፣ በላዩም ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ላይ ነው። እግሩ ሲደነዝዝ «ስኳሩ ነው» ይባላል። ስኳሩ ሊሆን ይችላል፤ የቢ12 ጉድለትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የቢ12ው ጉድለት በመርፌ ወይም በኪኒን የሚስተካከል፣ ቢዘገይ ግን በነርቭ ላይ የማይመለስ ጉዳት የሚያደርስ በመሆኑ ሐኪምን «ቢ12ዬ ይለካልኝ» ማለት ተገቢ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ቫይታሚን ገዝቶ መዋጥ ነው» ማለት አያዋጣም። ሄፕሲዲን በሩን በዘጋበት ሰውነት ውስጥ የገባ ብረት ብዙው አንጀት ውስጥ ቀርቶ ሆድ ያውካል፤ በስብ የሚሟሙት እንደ ኤ ያሉ ቫይታሚኖችም ሲበዙ ይመርዛሉ። ሐኪም ያዘዘው ሌላ ነገር ነው። «እንግዲያው ምግብ መቀነስ ነው» የሚለው የተለመደ ምክር ደግሞ በተለይ ጉዳት አለው። ደም ማነስ ያለባትን ወፍራም ሴት «ግማሽ ብዪ» ማለት ካሎሪውን በግማሽ ሲቀንስ ያችኑ ጥቂት ብረትና ፕሮቲንም በግማሽ ይቀንሳል። ቁርስ የዘለለችው ሴት ከሰዓት በኋላ የምትይዘው ያንኑ ቦምቦሊኖ ነው። የሚሻለው በመጀመሪያ የሚጨመረውን ማሰብ ነው፤ ጥራጥሬ፣ ጎመንና ቆስጣ፣ ከተቻለ በሳምንት ጥቂት እንቁላል፣ ከምግብ ጋር ሎሚ ወይም ብርቱካን፣ ቡናና ሻይም ከገበታው አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ብሎ። እነዚህ ቦታ ሲይዙ ዘይቱና ስኳሩ በራሳቸው ይሸሻሉ። ክብደቱ ሲቀንስ ብግነቱም ስለሚቀንስ ብረት የሚያስገባው በር እየተከፈተ ይመጣል፤ ክብደት በቀነሱ ሰዎች ላይ ይህ ታይቷል።

የቤተሰብ ጥረት የማይደርስበት አንድ ቦታ ግን አለ። የፅንስ አከርካሪና አንጎል የሚፈጠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ከማወቋ በፊት። በዚያን ጊዜ ፎሌት ከጎደለ ልጁ በአከርካሪ ክፍተት ሊወለድ ይችላል። የእናት ከፍተኛ ውፍረትም ይህን አደጋ እንደሚጨምር የታወቀ ነው። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ለደም ማነስ ቢጠቅምም ለዚህ ጉዳት ዘግይቶ የሚደርስ ነው። መፍትሔው ፎሌቱ ሴትየዋ አስቀድማ በምትበላው ምግብ ውስጥ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 በፋብሪካ የሚመረት የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ምግቦች፣ የምግብ ዘይትም በቫይታሚን ኤና ዲ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። በመንደር ወፍጮ ቤት የሚፈጨው ጤፍና ገብስ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ሕጉ ለገጠሩ ብዙ አልደረሰለትም የሚለው ትችት ትክክል ነው። የከተማዋን ዳቦ፣ ፓስታ፣ ብስኩትና ቦምቦሊኖ የሚሠራው ግን ያው የፋብሪካ ዱቄት ነው። ደረጃው በየፋብሪካው መከበሩን ማን እንደሚቆጣጠር፣ በየስንት ጊዜው ናሙና እንደሚወሰድና ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጽ እንደሆነ መጠየቅ የሁላችንም መብት ነው፤ ሻይ ቤት ቁርሷን የምትበላዋ ሴት በኪሷ አቅም ልታገኘው የምትችለው የመጀመሪያው ፎሌት በዚያ ዱቄት ውስጥ ነውና።